አንድ ዝናብ ሁለት በር እንዳይዘጋ

ተናኘወርቅ ጠዋት ጠዋት በሯን ቆልፋ ከግቢ ከመውጣቷ በፊት የጎረቤቷን መስኮት በጣቷ አንጓ ታንኳኳለች። ከውስጥ «አለ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ያን ስትሰማ ነጠላዋን አስተካክላ ትሄዳለች።

አለ የሚባለው ቁልፍ ነው። የቤቷ አንዱ ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ጎረቤቷ ሰሀር ቤት ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይውላል። ቁልፍ ጠፍቷት አያውቅም። ሰሀር መጀመሪያ ሰሞን ትስቅባት ነበር። «የት ይሄዳል ብለሽ ነው ተናኜ? እግር የለው!» ትላታለች። ተናኘወርቅ ግን የምትጠይቀው ስለ ቁልፉ ብቻ አልነበረም፤ ሰሀር እቤት መኖሯንም ነው። ሰው በሌለበት ቤት የተሰቀለ መጠባበቂያ ቁልፍ ከጠፋ ቁልፍ አይሻልም።

ግቢው ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ግድግዳ ይገናኛሉ። በወዲያኛው በኩል ሰሀርና ባሏ ሸምሱ፣ ከሸምሱ እናት ከእትዬ ሙህዲያ ጋር ይኖራሉ፤ በወዲህኛው ተናኘወርቅ ብቻዋን። እነሰሀር ቴሌቪዥን ከፍተው ዜና ሲሰሙ ተናኘወርቅም ራቷን እየበላች አብራ ትሰማለች። በረመዳን ሾርባ ይመጣላታል፤ በፋሲካ እሷ ድፎ ዳቦ ትልካለች፤ ሥጋው ለየራስ ነው። እትዬ ሙህዲያ ጤነኛ በነበሩ ጊዜ ዳቦውን ቆርሰው እየቀመሱ፣ «ይቺ ክርስቲያን ባል ብታገባ ኖሮ ይሄ ዳቦ እዚህ ባልደረሰ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ይቸግራታል። አውሮፕላን ማረፊያ ነው የምሠራው ስትል ሆስተስ ትመስላቸዋለች፤ ጠፍጣፋ ጫማዋን ሲያዩ ደግሞ ትኬት ቆራጭ ያደርጓታል። እሷ ዲስፓቸር ናት። ትንንሽ አውሮፕላኖች በሚያከራይ አንድ ድርጅት ውስጥ፣ አብራሪው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት መንገዱን፣ ነዳጁን፣ ጭነቱንና የአየሩን ጠባይ አጥንታ ዕቅዱን የምታወጣው እሷ ናት። ዕቅዱ ላይ እሷም ካፒቴኑም ይስማማሉ፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። ከሁለቱ አንዱ እምቢ ካለ አውሮፕላኑ ከመሬት አይነሣም።

ቀኑ ጥርት ያለ እንደሆነ አብራሪ ተራራውንና ወንዙን በዓይኑ እያየ ይሄዳል። ደመና ውስጥ ሲገባ ግን መስኮቱ ነጭ ግድግዳ ይሆንበታል። ቀጥ ብሎ እየሄደ የዘመመ ይመስለዋል፤ ዘምሞ ሳለ ደግሞ ቀጥ ያለ። ያን ጊዜ የገዛ ስሜቱን ትቶ ፊቱ የተደረደሩትን መሣሪያዎች ማመን አለበት። በመሣሪያ ብቻ ለሚበር ሰው፣ የሚገጥመውን ሁሉ አስቀድሞ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ያሰበለት ሰው ያስፈልገዋል። እስከተወሰነለት ከፍታ ወርዶ ሜዳው ካልታየው፣ ትንሽ ልፈልግ ማለት የለም፤ ወዲያው ወደ ላይ ነው። ወደ ላይ ወጥቶስ ወዴት? ሌላ ከተማ። እዚያ የሚያደርስ ነዳጅ አለው? ደርሶ ተራ ጠብቅ ቢባልስ? ሬዲዮው ጭጭ ቢልስ? ተናኘወርቅ እነዚህን ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ቃል «ካልሆነስ» ትላቸዋለች። «የዚህን በረራ ካልሆነስ ጨርሻለሁ» ካለች ዕቅዱ አልቋል ማለት ነው።

በሥራዋ ውስጥ አንድ የራሷ ልማድ አላት። መመሪያው መድረሻው ቢዘጋ የሚታረፍበት ተለዋጭ ማረፊያ ይጠይቃል። ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ አውሮፕላን ቅርቡ ሐዋሳ ነው። ተናኘወርቅ ግን ርቀቱን ብቻ አታይም። ክረምት ላይ አዲስ አበባን የሚዘጋው ደመና አንዳንድ ቀን ሐዋሳ ድረስ እንደ አንድ ጋቢ ይዘረጋል። «በሩ ሁለት ቢሆን ምን ይረባል፣ አንድ ዝናብ ሁለቱን ከዘጋው?» ትላለች። እንዲህ ያለ ቀን ሐዋሳን ትታ ድሬዳዋን ትመርጣለች። ድሬዳዋ ሌላ አገር፣ ሌላ ሰማይ ናት። ግን ራቅ ትላለች። ርቀት ነዳጅ ነው፤ ነዳጅ ክብደት ነው፤ በትንሽ አውሮፕላን ላይ ደግሞ ክብደት ማለት የአንድ ሰው ሻንጣ፣ ካልበቃም ሰውየው ራሱ ነው።

ቢሮ ውስጥ ጭነት የሚመዝነው ቴዎ «ሟርት» ብሎ ሰይሟታል።

«ሟርት፣ ዛሬ ደግሞ ምን ይወርድብናል?» ይላታል።

«ጥርት ያለ ነው።»

«አፍሽን በዳቦ!»

ነጎድጓድ አለ ካለችው ግን ሁለት ጣቱን ጆሮዎቹ ውስጥ ከትቶ ይወጣል።

ስሙ አዲስ አይደለም። በልጅነቷ ብስራተ ገብርኤል ሲኖሩ፣ እናቷ መንገድ ልትሄድ ስትነሣ «አውቶብሱ ቢበላሽስ?» ብላ ትጠይቅ ነበር። «አታሟርቺ! አፍሽን በበጎ ክፈቺ!» ትላታለች እናቷ። ክፉን በስሙ የጠራ መንገዱን ያሳየዋል ተብሎ ይታመናል። ተናኘወርቅ አድጋ ክፉን በየስሙ እየጠራች እንጀራዋን የምትበላ ሰው ሆነች። ይሁን እንጂ ከቢሮዋ ውጪ፣ ይልቁንም የታመመ ሰው ባለበት ቤት፣ የእናቷ ቃል እስከ ዛሬ አፏን ይይዛታል።

ያ ቀን በሐምሌ ነበር። እንደ ልማዷ መስኮቱን አንኳኳች። «አለ!» የሚል አልነበረም። በሩ ተከፈተና ሰሀር ራሷ ወጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ቁልፉስ አለ» አለች። «እማ ግን ልትሄድብኝ ነው መሰለኝ።»

«ብሶባቸው ነው?»

«እኔን ‹የማን ልጅ ነሽ› ትለኛለች። ሸምሱን ግን በስሙ ትጠራለች። ‹መጣ?› ትላለች። ውኃ ስሰጣት ‹መጣ?›፣ ትራስ ሳስተካክልላት ‹መጣ?› ሌላ ቃል የላትም።»

እትዬ ሙህዲያን ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤታቸው፣ ቤተሰባቸው መሀል ይሁኑ» ብለው ከመለሷቸው ሰንብቷል። ሸምሱ አንድ ልጃቸው ነው። የፓምፕና የጄኔሬተር መካኒክ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ሥራ አግኝቶ ሶማሌ ክልል፣ ዋቢ ሸበሌ ዳር ካለ አንድ መንደር የውኃ ፓምፕ ሊጠግን ሄዷል። ከመንደሩ አጠገብ የጠጠር ማረፊያ አለ። ተናኘወርቅ ያን ማረፊያ ከነጠጠሩ ታውቀዋለች። በዚያው ቀን የድርጅቷ አውሮፕላን የክትባት ሠራተኞችን ይዛ ልትመለስ ወደዚያው ትሄድ ነበር፤ ስትመለስም አንድ ወንበር ባዶ ነው።

«ዛሬ ይመጣልሻል» አለቻት። «የእኛ አውሮፕላን እዚያ ትሄዳለች። አስፈቅጄ አሳፍረዋለሁ።»

«ወላሂ በይ!»

«ገብርኤልን!»

ሰሀር እያለቀሰች ሳቀች። የተናኘወርቅን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «ከዐስር ሶላት በፊት ይደርሳል?»

ይህን ጊዜ «ካልሆነስ» አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ዝናብ አለ፣ ነዳጅ አለ፣ ክብደት አለ። ሸምሱ ሌላም መንገድ ይዞ ይጠብቅ ማለት ነበረባት። ግን በተከፈተው በር፣ ከውስጥ የእትዬ ሙህዲያ ድምፅ እንደ ክር ቀጥኖ «መጣ?» ሲል ተሰማ። በታመመ ሰው ደጃፍ ቆሞ «ላይመጣ ይችላል» እንዴት ይባላል?

«ይደርሳል» አለች።

ሰሀር ወዲያው ስልኳን አውጥታ ለባሏ ስትደውል ተናኘወርቅ ትታት ሄደች።

ቢሮዋ እንደደረሰች አውሮፕላኗን የተከራዩትን ሰዎች ለምና አስፈቀደች። ካፒቴን ደምሰው፣ በድርጅቱ ውስጥ የከረሙ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው፣ «የእናት ነገር ነው፤ እሱን ጥዬማ አልመጣም» ብለው ተነሡ። ተለዋጭ ማረፊያው ሐዋሳ ነበር። ሁለቱም ፈረሙ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ቴዎ እንኳ «አፍሽን በዳቦ» ብሏታል።

አውሮፕላኗ የጠጠር ማረፊያው ላይ ካረፈች በኋላ አዲስ ትንበያ ወጣ። ተናኘወርቅ የሳተላይቱን ሥዕል ከፍታ አየችው። ከደቡብ ምሥራቅ አንድ ትልቅ ደመና ተነሥቷል። አንዱ ጫፉ ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው ወደ ሐዋሳ ነው። መሀሉ አልተቀደደም። ትንበያው ሐዋሳን አልዘጋትም፤ ነጎድጓድ «ሊኖር ይችላል» ነው የሚለው። ለሕጉ ያ በቂ ነው።

በሳተላይት ስልክ ለካፒቴኑ ደወለች።

«ካፒቴን፣ ሐዋሳን ሰርዤዋለሁ። ድሬዳዋ ነው።»

«ሐዋሳ ምን ሆነች?»

«እስካሁን ምንም። ግን ደመናው አንድ ነው። ከመጣ ለሁለቱም አብሮ ነው የሚመጣው።»

«በሕጉ ይበቃናል እኮ፣ ተናኜ።»

«በሕጉ ይበቃናል።»

«ታዲያስ?»

«ድሬዳዋ ይሁን፣ ካፒቴን።»

«እሺ» አሉ። «እዚህ በበርሜል ያስቀመጥነው ነዳጅ አለ። እንጨምርና ክብደቱን እናያለን።»

እሷ ክብደቱን አይታ ጨርሳለች። ሻንጣው ሁሉ ቢቀር እንኳ አይበቃም። ስልኩን ዘግታ፣ ቁጥሩን እንደገና ደመረችው፤ ተሳስቼ እንደሆነ ብላ። አልተሳሳተችም።

ካፒቴኑ ነዳጁን ሞልተው ደወሉ። ሻንጣዎቹን አውርደዋል። የሻንጣው ነገር ብዙ ጭቅጭቅ አስነሥቷል።

«አንድ ሰው ይወርዳል» አሉ።

ሁለቱም ማን እንደሆነ ያውቃሉ። በልመና የገባው፣ መጨረሻ የመጣው ሸምሱ ነው።

«ሌሎቹን ይጠይቁልኝ» አለች። «ለነገ የሚቀር ካለ።»

ስልኩን ሳይዘጉ ሲጠይቁ ሰማቻቸው። «ከእናንተ መሀል እስከ ነገ መቆየት የሚችል አለ? እናቱ በሞት አፋፍ ላይ ያሉበት ሰው አለ።» ከዚያ ነፋስ ብቻ። አንድ ሰው ሳለ። ካፒቴኑ ወደ ስልኩ ተመለሱ።

«መሬት መሬት ያያሉ» አሉ። «አንዲቱ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ታቅፋለች፤ እሷን አልጠየቅኋትም።»

«ጥሩ አደረጉ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ተናኜ። የጨመርነውን መልሰን እንቀዳውና ሐዋሳ ብለን እንነሣ። ሕግ አልጣስንም። አንቺ ፈርሚ፣ እኔም እፈርማለሁ።»

ከጠዋት ጀምሮ ያ «መጣ?» የሚል ድምፅ ከተናኘወርቅ ጆሮ አልወጣም። ወንበሩ ላይ ያለው የማታውቀው ሰው ቢሆን ይህን ያህል ታስብ ነበር? አታስብም። በአንድ ቃል አልፋው ነበር። የምታውቀው ሰው ስለሆነ ደመናው አይቀደድም። ሕፃኑንም አሰበች፤ አዲስ አበባ ተዘግታ፣ ሐዋሳ ተዘግታ፣ ነዳጁ እያለቀ በነጭ ግድግዳ መሀል።

«አልፈርምም፣ ካፒቴን።»

«እሺ» አሉ። የተቆጡ አይመስሉም። «ለእሱ እኔ እነግረዋለሁ። ለሚስቱ አንቺ ንገሪ።»

ለሰሀር ስትደውል ስልኩ አንዴ ሳይጠራ ተነሣ።

«ተነሡ?»

«ሰሀር፣ ሸምሱ ዛሬ አይደርስም።»

«ምን ሆነ? ምን ሆነብኝ?»

«ደኅና ነው። ምንም አልሆነም። ዝናብ ስላለ አውሮፕላኗ ተጨማሪ ነዳጅ ያዘች፤ እና ክብደቱ…»

«የምን ዝናብ? እዚህ ፀሐይ ነው! ልብስ አስጥቻለሁ እኮ!»

«ሊመጣ ይችላል።»

«ሊመጣ ይችላል?» ሰሀር ቃሉን ደገመችው። ከኋላዋ የግቢው ቧንቧ ባልዲ ውስጥ ሲወርድ ይሰማል። «ላልመጣ ዝናብ ነው ባሌን ያስቀረሽብኝ?»

ሰሀር ስልኩን ዘጋችው።

ዝናቡ አልመጣም። ደመናው አርሲ ተራሮች ላይ ሲደርስ መሀሉ ተቀደደ፤ ጠብ ጠብ ብሎ እዚያው አለቀ። ሐዋሳም እስከ ማታ ክፍት ነበረች። ከሰዓት በኋላ የአዲስ አበባ ሰማይ እንደ ታጠበ ሰሐን ሆነ። ቴዎ ወደ ቢሮዋ ገባ፣ በመስኮቱ አየ፣ ተመልሶ ወጣ። የዚያን ቀን ሟርት ብሎ አልጠራትም። መጠራቱ ይሻላት ነበር።

ካፒቴን ደምሰው ካረፉ በኋላ ቆባቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ።

«የድሬዳዋን ነዳጅ እንዳለ ሆዴ ውስጥ ይዤ መጣሁ» አሉ። ቀልድ ነበር፤ ሳይስቁ ነው ያሉት። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «የበርሜሉ የእጅ ፓምፕ አልሠራ ብሎን ነበር። ጎረቤትሽ ነው ፈቶ የገጠመው። ከዚያም ራሱ ነው ነዳጁን የገፋው፤ ሌላ ሰው አላስነካም። ቶሎ እንድንነሣለት ብሎ ነው። እጁ ተላጠ። የነገርኩት ከዚያ በኋላ ነው።»

«ምን አለ?»

«እጁን በጨርቅ ጠረገ። ‹እሺ› አለ።»

ተናኘወርቅ ጠረጴዛዋን አየች። «ነገ እንደዚህ ያለ ደመና ቢመጣስ?»

«ነገም ድሬዳዋ ነው። ዝናቡ ስላልመጣ ዕቅዱ ስሕተት አይሆንም። ይህን እኔ ነኝ ለአንቺ የምነግርሽ?»

«ለእናቱስ ምን ይባላል?»

ካፒቴኑ ቆባቸውን ከብብታቸው አውጥተው ውስጡን አዩ። ተነሥተው ወጡ።

እትዬ ሙህዲያ በዚያው ቀን፣ ከመግሪብ በኋላ ዐረፉ። በማግሥቱ ዙህር ተሰግዶ ተቀበሩ፤ ቀብር ሰው አይጠብቅም። ሸምሱ በመኪና ወደ አቅራቢያው ከተማ ወጥቶ፣ በመደበኛው በረራ ነፋስ ስልክ የደረሰው ሰው ከመቃብር ተመልሶ እጁን ከታጠበ በኋላ ነው።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ወንዶቹ አግዳሚ ላይ፣ ሴቶቹ እቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ናቸው። ተናኘወርቅ ከቤቷ በር እስከ ሰሀር በር ያለችውን ጥቂት እርምጃ ለመሄድ ከቀብር ይልቅ ከበዳት። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት። ሰሀር ቀና ብላ አየቻት፤ አላለቀሰችም፣ አልሰደበቻትም። ጎኗ አስቀመጠቻት።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ስትጠይቀኝ ነበር» አለቻት ቀስ ብላ፣ ለእሷ ብቻ። «በጣራችን ላይ አይደል የሚያልፉት። ትልቁ ሲያልፍ ‹ሸምሱ ነው?› ትላለች። አይደለም እላታለሁ። ኋላ ትንሿ መጣች፤ እንደ ንብ የምትጮኸው። ያንቺዋ። ‹ይሄ እሱ ነው› አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም።» ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። «ዋሸኋት፣ አይደል?»

ተናኘወርቅ እጇን ልትይዛት ፈለገች። ሳትይዛት ቀረች።

ስትወጣ ሸምሱ ከድንኳኑ ተነሥቶ መጣ። ቀኝ መዳፉ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ሁለቱ ቤቶች በሚገናኙበት ግድግዳ ሥር ቆሙ።

«አላህ… እግዜር ያጥናህ» አለች፤ አፏ ተሳሰረ።

«ሁለቱም አንድ ነው» አለ። «ዝናቡ የት ሄደ፣ ተናኜ?»

«አርሲ ላይ ቀረ።»

«አርሲ ላይ።» ራሱን ነቀነቀ። የተበላሸ ዕቃ የሚያገላብጥ መካኒክ ይመስል ነበር። «እንደዚያ ባለ ቀን ስንቴ ነው የሚመጣው? እንዲያው ስትገምቺው።»

ልትዋሽው ትችል ነበር። «ከአምስቱ ቀን በአንዱ» አለች።

«እንዲያ ከሆነ አራቱ ቀን የእናቴ ነበር በይኛ።»

«አዎ።»

ሸምሱ ግድግዳውን በደኅናው እጁ ተደገፈ። «ስላስወረድሽኝ አይደለም። አውሮፕላኗ ውስጥ ያለውን ሰው አይቻለሁ፤ ሕፃኑንም አይቻለሁ። አንቺ የምታውቂውን እኔ አላውቅም። ግን ጠዋት መኪና ነበረ፣ ተናኜ። ወደ ከተማው የሚሄድ የመንደሩ መኪና። የቀትሩን አውሮፕላን ያደርሰኝ ነበር። እግሬን አንሥቼ ልሳፈር ስል ሰሀር ደወለች። ‹ተናኜ ይደርሳል ብላለች፣ ገብርኤልን ብላለች› አለችኝ። ሻንጣዬን አወረድኩ።»

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ዱዓ ጀመሩ። ሸምሱ ወደዚያ ዞሮ መዳፎቹን ዘረጋ፤ የታሰረውንም ጭምር። ዱዓው እስኪያልቅ ተናኘወርቅ አጠገቡ ቆማ ቆየች። ሲያልቅ ፊቱን አበሰ።

«ለአውሮፕላኑ ሁለተኛ በር ፈልገሽለት ነበር» አለ። «ለእኔስ ምነው አንዲት ቃል ብትናገሪ?»

«ታመው ነበርና ነው» አለች። «በሩ ክፍት ነበር፤ ይሰሙኛል ብዬ ፈራሁ።»

ሸምሱ ይህ ገባው። እሱም የዚያው አገር ልጅ ነው፤ እሱም በታመመ ሰው ደጃፍ ክፉ አይናገርም። ስለገባው ግን የቀለለው ነገር አልነበረም። «እሺ» አለና ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ለካፒቴኑም ያላቸው ይህንኑ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ተጣልተው አያውቁም። ሸምሱ መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላም ይላታል፤ ቧንቧዋ ሲያፈስ ሳትጠራው መጥቶ ጠግኖላታል። ቆሞ ግን አያወራም። ተናኘወርቅም ሥራዋን አልተወችም። በነሐሴ እንደዚያው ያለ ደመና መጣ። ድሬዳዋ ብላ ጻፈች፤ አንድ ነጋዴ ከነብስጭቱ ወርዶ ቀረ። በዚያም ቀን አልዘነበም። ካፒቴን ደምሰውም ፈረሙ።

የተለወጠ ነገር ቢኖር አፏ ነው። በመስከረም የግቢያቸው አንዲት ነፍሰ ጡር ምጥ ይዟት ዘመዶቿ ታክሲ ሲጠሩ፣ ተናኘወርቅ መሀላቸው ገብታ «ይሄኛው ሐኪም ቤት አልጋ የለም ቢላችሁስ? ወዴት ትሄዳላችሁ?» አለች። የልጅቷ አክስት ደረቷን መታች። «በስመ አብ! ምን ዓይነት አፍ ነው ይሄ? አታሟርቺብን!» አለቻት። ተናኘወርቅ ፊቷ ቢቀላም አልሄደችም። «ወዴት ትሄዳላችሁ?» ብላ እንደገና ጠየቀች። የሁለተኛውን ሐኪም ቤት ስም እስኪነግሯት ድረስ የታክሲውን በር ይዛ ቆመች።

ይህን ሁሉ ለምጽፈው ለእኔ ስትነግረኝ የሸሸገችው ነገር የለም። አልፈርምም ማለቷን፣ «ይደርሳል» ማለቷን፣ የመኪናውንም ነገር፣ ሁሉም ይጻፍ ብላለች። አንዷን ብቻ «ተዪያት» አለችኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የካፒቴን ደምሰው ድምፅ በሬዲዮ «ሜዳው ይታየኛል» ሲል መስኮቱ ሥር ቆማ ነበር። አንድም ደመና አልነበረም። ያን ጊዜ፣ ሸምሱን ያስቀረችው በከንቱ እንዳይሆን፣ በልቧ እግዜርን ለመነች። ዝጋው አለች፤ አዲስ አበባንም ዝጋው፣ ሐዋሳንም ዝጋው፣ አሁኑኑ፣ ድሬዳዋ ይሂዱ። ሕፃኑ ውስጥ እንዳለ እያወቀች።